ለሮማ ወታደር ልኬት ደባርቅ ድረስ

ደባርቅ የሚወጣ የአዲስ አበባ ሰው ወይ ተራራ ሊያይ ነው፣ ወይ ከጭላዳ ጋር ፎቶ ሊነሳ ነው። እኔ የሄድኩት አንድ የሮማ ወታደር ክንዱን ባነሳ ቁጥር የለበሰው ብረት ሆዱ ውስጥ እየገባ ስላስቸገረኝ ነው። ከተመለስኩ በኋላ ይህን በአፌ የነገርኩት ሰው ሁሉ ግማሹን ሰምቶ ይስቃል፤ ሌላውን ግማሽ የሚሰማኝ አጣሁ። ስለዚህ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

እኔና ህሊና የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን በኮምፒውተር የዕቃ ቅርጽ እንሠራለን። የምንሠራውን ዕቃ በስክሪን ላይ እያዞሩ ከፊትም ከኋላም ማየት ይቻላል። አብዛኛው ሥራችን ገና ያልተሠራ ሶፋና ገና ያልተገነባ ፎቅ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከውጭ አገር፣ ከአንድ ሙዚየም፣ በኢንተርኔት ሌላ ዓይነት ትእዛዝ መጣልን፦ የጥንት ሮማ ወታደር ጥሩር። ጥሩሩ ረጃጅም የብረት ዝርጎች ናቸው። እንደ በርሜል ቀለበት ወገብን ይዞሩና አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ እስከ ብብት ይወጣሉ። ሙዚየሙ ቆሞ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚራመድ፣ የሚያጎነብስ፣ የሚቀመጥ ወታደር ነው የፈለገው።

ሠርተን ላክን፤ ተመለሰ። አስተካክለን ላክን፤ ደግሞ ተመለሰ። ሥራውን የምትመረምረው ሴትዮ በሁለተኛው ደብዳቤዋ ላይ «በጣም ያምራል፤ ውስጡ ግን ሰው የለም» ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ካልተስተካከለ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ይህ ሥራ ከሄደ ደግሞ ክፍላችን ትዘጋለች። ህሊናን ከቋሚ ሥራዋ ለምኜ ያስለቀቅኳት እኔ ነኝ። እሷ አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ አለማንሳቷ ነው የከበደኝ።

መፍትሔውንም ያመጣችው እሷ ናት። የዳባት ልጅ ነች። «ደባርቅ ውስጥ ዝናርና ኮርቻ የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ አባቴ እሱ የሠራለትን ዝናር ሃያ ዓመት ታጥቆታል» አለችኝ። ዝናር የአገሩ ወንድ ጥይቱን ደርድሮ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው የቆዳ ቀበቶ ነው። «ጠባኝ ሲል፣ ሰፋኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን ብረት እንዴት እንደሚለበስ ልናውቅ አንችልም። አንዳችን እንሂድ።» ኮምፒውተሩን ከእኔ የበለጠ የምትችለው እሷ ስለሆነች ሂያጁ እኔ ሆንኩ።

ሰኞ

ጥቅምት ነበር። አውቶቡሱ ገና ሲነጋ ተነሳ። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ታቅፌ አባይ በረሃን ስንወርድ ከጎኔ የተቀመጡት ቄስ ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱኝ ቆዩና «ልጄ፣ የያዝኸው ነገር ከባድ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባ፣ ቀላል ነው።»

«እንግዲያ ምነው እንዲህ ያልብሃል?»

ላፕቶፑን እግሬ ሥር አስቀመጥኩትና እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ዳቦ ቆሏቸውን አብረን በላን። ማታ ጎንደር ያደርኩበት ሆቴል የመታጠቢያ ውኃ ነገ ይመጣል አሉኝ። የአዲስ አበባው ቤቴም ውኃው ሁልጊዜ ነገ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ብዙ እንግድነት ሳይሰማኝ ተኛሁ።

ማክሰኞ

የደባርቅ ሚኒባስ ረዳት «አሁን ነው የምንወጣው» ብሎ ካስገባኝ በኋላ የመጨረሻው ወንበር እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት ይገባ ጀመር። እኛ አዲስ አበባዎች ጥቅምት ሲገባ በረደን እንላለን፤ ብርድስ እዚህ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ሊያሽት ተቃርቦ ነበር።

ዳባት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ሲወጣ እሱም ነፍስ የለውም። ሾፌሩ ጎማውን በሌላ መኪና ጭኖ ወደ ዳባት ሲሄድ እኛ መንገድ ዳር ቀረን። ከመንገዱ ፈንጠር ብላ ካለች ቤት አንድ ጎልማሳ ገበሬ መጥቶ፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቅ፣ ከለበሰው ጋቢ አንዱን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝና ወደ ቤቱ ወሰደኝ። በሶ በጥብጠው ሰጡኝ። ጨውና በርበሬ አለበት፤ ከሆዴ ደርሶ እስከ እግሬ ጣት ሲወርድ ይሰማኛል።

«ለምን መጣህ?» አለኝ።

«ደባርቅ ዝናር የሚሠራ ሰው ፈልጌ።»

«ዳኘውን ነዋ። እጁ የተባረከ ነው። በል ድገም፣ ጠጣ፤ እሱ ዘንድ የሚሄድ ሰው በልቶ ነው የሚሄድ።»

ለእንግዳ የሚባል የግብዣ ቃል መሰለኝና ደገምኩ።

ደባርቅ የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው። ያረፍኩት እትዬ የሻረግ የሚባሉ ሴት ቤት ነው፤ ሦስት ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ። ሦስት ብርድ ልብስ ደራረቡልኝና አራተኛውን ይዘው መጡ። መተንፈስ እንዳልቻልኩ ስነግራቸው «ደባርቅ ላይ መተንፈስ ለነገ ይደርሳል፤ አሁን ሙቀትህን ያዝ» አሉኝ።

ረቡዕ

አያ ዳኘውን ያገኘኋቸው የቱሪስት ጓዝ የሚጭኑ በቅሎዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ጀርባ ነው። ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ የግራ አውራ ጣታቸው ወስፌ ሲገፋ ኖሮ ተጠፍጥፏል። የህሊናን አባት ስም ስጠራ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ወገቡ ሰፊ ነው፤ ክረምት ላይ ይቀንሳል» አሉ። ሌላ ስለ ሰውዬው ምንም አልጠየቁኝም።

ላፕቶፑን የቆዳ ክምር ላይ አስቀምጬ ወታደሩን አሳየኋቸው። ጥሩር የሚለውን ቃል ቤተ ክርስቲያን ሰምተውታል፤ ሲያዩት ግን የመጀመሪያቸው ነው። ጎንበስ ብለው ብዙ ተመለከቱ።

«በል ገልብጠው» አሉ።

«ከኋላ ላሳይዎት?»

«የለም፣ ውስጡን። ውስጡን ገልብጠህ አሳየኝ።»

ገለበጥኩት። ከውስጥ ባዶ ነው። ብረቶቹ በምንም ሳይያያዙ በአየር ላይ ተንሳፍፈዋል።

«ጠፍሩስ?»

«መጽሐፉ ላይ ከውስጥ የቆዳ ጠፍር እንደነበረው ይላል። ግን ከውጭ ስለማይታይ አልሠራነውም።»

ሽማግሌው አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። «ይኸ ሰውዬስ መቼ ተለካ?» አሉኝ።

«ልኩን ከኮምፒውተሩ ነው ያገኘነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ።»

«ቀጥ ብሎ የሚለካስ ለግንዝ ነው ልጄ። በልቶ ነበር?»

የእኛ ወታደር ምሳም ቁርስም ኖሮት አያውቅም። እሳቸውም ቀስ እያሉ አስረዱኝ። በቅሎ ኮርቻ የሚለካላት ጠግባ፣ ውኃ ጠጥታ ነው። በባዶ ሆዷ የተለካ ጠፍር ስትጠግብ ያንቃታል። ሰውም እንዲሁ ነው። በጦም የተለካ ዝናር የፋሲካ ዕለት አይዘጋም። ስለዚህ እሳቸው ረቡዕና ዓርብ የማንንም ወገብ ለክተው አያውቁም።

«እኔን ይለኩኝና ወታደሩን በእኔ ላስተካክለው» አልኳቸው።

«እለካሃለሁ። ቆርቆሮና ጠፍር አገጣጥመን ራስህ ትለብሰዋለህ፤ ያን ጊዜ የሚቆነጥጥህን ታውቃለህ። ግን ዛሬ ረቡዕ ነው። ነገ በልተህ ና።»

«አያ ዳኘው፣ ጊዜ የለኝም። ሰኞ ማስረከብ አለብኝ።»

«እንግዲያ ሂድና ቆርቆሮ ፈልግ። ነገ በልተህ ና።»

ተናደድኩ። ቀጠሮ ማክበር እንዲህ ቀላል ነገር ላይ ሲሰናከል ደሜ ይፈላል። አዲስ አበባ ብሆን ሌላ ሰው እፈልግ ነበር፤ እዚህ ግን ሌላ ሰው የለም። እያጉረመረምኩ ተመልሼ እትዬ የሻረግን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ጠየቅኳቸው። ሰባት አወጡልኝ፤ በሙቅ ውኃ አጥበው፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልለው። ለምን እንደምፈልገው ስነግራቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዳኘው ደግ ሰው ነው፤ ሥራውም ሥራ ነው። ብቻ እዚያ እንዳትበላ።»

«ለምን?»

«እንጃ ልጄ። ቆዳ ፋቂ ነው። እንዲህ ነው የኖርን።»

እኚህ ሴት ያን ዕለት ጧት ካልሲዬን ምድጃ አጠገብ አድርቀው የሰጡኝ ናቸው። ክፋት የለባቸውም። እኔም በእሳቸው ለመፍረድ አፌን የምከፍት አይደለሁም፤ እናቴ አዲስ አበባ መሃል ቁጭ ብላ ስለ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጎረቤታችን እንዲሁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ ያደግኩ ነኝ። ያን ጊዜም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ

እትዬ የሻረግ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ከተማው ውስጥ ምግብ ቤት ሞልቷል። እኔ ግን የጠፋብኝን አንድ ቀን እያሰብኩ ሰባት ቆርቆሮዬን ተሸክሜ በቀጥታ ሄድኩ።

«በልተሃል?» አሉኝ አያ ዳኘው።

«አልበላሁም።»

«ሄደህ ብላና ና።»

መንገድ ጀመርኩ። ሁለት እርምጃ ተራምጄ ግን ቆምኩ። ያ የዳባቱ ገበሬ በልቶ ነው የሚሄድ ያለኝ፣ እትዬ የሻረግ ያሉኝ፣ አሁን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው የሚሉኝ አንድ ነገር መሆኑ ገና ያኔ ገባኝ። ወደ ኋላ ዞርኩ።

«እዚሁ ብበላስ?» አልኳቸው።

ወስፌው ቆመ። ከውስጥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሬ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«ያለው ሽሮ ነው» አሉ ወይዘሮ ማሬ።

«ሽሮ እወዳለሁ።»

እጄን ሁለት ጊዜ አስታጠቡኝ። ሳህኑን እንደገና አጠቡት፤ ንጹሕ እንደነበረ አይቻለሁ። ሽሮው ላይ ቅቤ ጣል አደረጉበት። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ አፈርኩ። ሁለተኛውን ስጎርስ ሽሮው ይጣፍጣል። አያ ዳኘው አብረውኝ አልቀረቡም፤ ግድግዳውን ተደግፈው ይመለከቱኛል።

«እርስዎስ? ይብሉ እንጂ።»

«እበላለሁ። አርባ ዓመት የሰው ወገብ ለካሁ» አሉ። «ሁሉም ጠግቦ ነው የሚመጣ። ምን እንደበላ ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ ቀረቡና አብረን በላን። ወይዘሮ ማሬ ጠላ ቀዱልን።

ስንጨርስ «አሁን ተነስ» አሉኝና አንድ ቀጭን ጠፍር አወጡ። ደረቴን ቆሜ ለኩ፤ ቋጠሩ። ተቀምጬ ለኩ፤ ቋጠሩ። ጎንበስ ብዬ፣ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ፣ በመጨረሻም አየር ስቤ። አምስት ቋጠሮ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል አራት ጣት ልዩነት አለ። በእኛ ኮምፒውተር ላይ ያ ሰው ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ነው።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሠራን። እኔ ቆርቆሮውን በመቀስ እሰነጥቃለሁ፣ እሳቸው በሚስማር ይበሳሉ፣ ከውስጥ ጠፍሩን ያስራሉ። በእያንዳንዱ ዝርግ መካከል አውራ ጣታቸውን እያስገቡ ጠፍሩን ያላላሉ። እኔ ጠበቅ አድርጌ ያሰርኳቸውን ሁለቱን ያለ ንግግር ፈቱብኝ። ጣቴን ስቆረጥ ወይዘሮ ማሬ በጨርቅ አሰሩልኝ። ሊመሽ ሲል «ዘይት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሆዱ ላይ ያለበት የሮማ ጥሩር ለበስኩ።

ዓርብ

አያ ዳኘው ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ላለ ደንበኛ ኮርቻ ማድረስ ነበረባቸው። «ለብሰኸው እንሂድ፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ይነግረናል» አሉ። በቅሎዋን ሲጭኑ የሆዷን ጠፍር ሳቡ፤ እሷም ሆዷን በአየር ነፋች። ጥቂት አስኬዷትና ስትተነፍስ እንደገና ሳቡ። ዞር ብለው እኔን ሲያዩ የራሴን ጠፍር መፈተሽ ጀመርኩ።

ጋቢ ደርቤበታለሁ፤ ንፋሱ ግን ገለጠው። ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ የጭነት መኪና ረዳት «ዘይቱ በስንት ነው?» ብሎ ጮኸልኝና እስከሚቀጥለው ጥምዝ ድረስ ሲስቅ ተሰማኝ። ጦም ላይ ነኝ፤ ሆዴ ባዶ ነው፤ ስንወርድ ጥሩሩ ሁሉ ወደ ላይ እየተንሸራተተ አገጬን ይነካል። በስልኬ ቪዲዮ አነሳሁ። ኮርቻውን አደረስን። ስንመለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ወይዘሮ ማሬ የቋጠሩልንን ዳቦ አንድ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ጨረስነው። ከዚያ ዳገቱን ስጀምር ጥሩሩ ወገቤ ላይ ተቀመጠ። ስተነፍስ ዝርጎቹ ትንሽ ይገለጣሉ፣ መልሰው ይገጥማሉ። ያ እሳቸው በየዝርጉ መካከል የተዉት የአንድ ጣት ክፍተት ነው የሚሠራው። ቆሜ ብዙ ጊዜ ተነፈስኩ። የሙዚየሙ ሴትዮ «ሰው የለም» ያለችው ይህ ጎድሎ ነው።

ድካሜን አይተው በቅሎዋ ላይ ሰቀሉኝ። መቶ ሜትር ሳልሄድ ወደቅኩ። ከአጥንቴ በፊት የታየው ጥሩሩ ነው፤ ብብት ሥር ያለው ሦስተኛው ዝርግ ተጣምሟል። አያ ዳኘው አነሱኝና የተጣመመውን ብረት በደስታ መረመሩ።

«አየኸው? ይኸኛው ረጅም ነው። ክንድህን ስትሰበስብ ስፍራ ነሳው። ሁለት ጣት ቁረጥለት።»

«እኔ ተጎድቻለሁ እኮ አያ ዳኘው።»

«አንተማ ትድናለህ።»

ቅዳሜና እሁድ

ቅዳሜ ጧት አያ ዳኘውን ልሰናበት ስሄድ እትዬ የሻረግ ቁርስ አቅርበውልኝ ነበር። «እዚያ እበላለሁ» አልኳቸው። ቁርሱን መልሰው ከደኑት። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝና «በል ለማሬ ይህን ስጥልኝ» ብለው አንድ ጣሳ ጎመን ዘር ሰጡኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አላውቅም፤ አደረስኩላቸው።

ጥሩሩን ለአያ ዳኘው ትቼ አምስት ቋጠሮ ያለውን ጠፍር ኪሴ ውስጥ ይዤ ተመለስኩ። ዳባት ላይ ሚኒባሱ ሲያልፍ ያንን ገበሬ በዓይኔ ፈለግኩት፤ አላየሁትም። እሁድ አዲስ አበባ ስደርስ ህሊና ቢሮ ውስጥ ትጠብቀኛለች። ጠፍሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት፤ ቪዲዮውን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ወንበሯን ሳበች። የማይታየውን ጠፍር አንድ በአንድ ሠራነው። ሰኞ ላክን።

መልሱ እስኪመጣ አሥር ቀን ያህል ቆየን። ህሊና በየጧቱ ቢሮውን ትጠርጋለች፤ የሚጠረግ ነገር ሳይኖር። በመጨረሻ የሴትዮዋ ደብዳቤ መጣ፦ «አሁን ሰው አለበት። ከሥሩ የሚጻፈውን የሠሪዎቹን ስም ላኩልኝ።» ህሊና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከእኛ ሁለት ስም በላይ «ልኬት፦ ዳኘው፣ ደባርቅ» ብለን ላክን።

ለአያ ዳኘው ደወልኩ። ወታደሩ ማለፉን፣ ስማቸው ባሕር ማዶ ሰው በሚያየው ቦታ መጻፉን ነገርኳቸው።

«ማሬ፣ አለፈ አለን» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ለእኔ አልነበረም። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«በል እሰየው። መቼ ትመጣለህ?»

«ፋሲካ ካለፈ በኋላ ህሊናን ይዤ እመጣለሁ።»

«ደግ። ስትመጡ በልታችሁ እንዳትመጡ።»